ኮሪዮሊስ ሜትር ሲያጠራጥራችሁ መጀመሪያ እፍጋቱን እዩ

የሱፍ ዘይት በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 40 ዲግሪ ሲደርስ 0.906 አካባቢ ይሆናል። 20 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ላይ ይህ ከ250 ኪሎ በላይ ነው። አዳማ ላይ በማለዳ የተቀዳ ዘይትና ታንከሩ በቀትር ፀሐይ ከጋለ በኋላ የተቀዳው በሊትር እኩል ቢሆኑም ሚዛን ላይ ይለያያሉ። በቧንቧ የሚያልፍን ፈሳሽ የሚለካው ኮሪዮሊስ ሜትር ዋጋው የሚያስቆጭ ቢሆንም የሚመረጠው በቀጥታ በኪሎ ስለሚለካ ነው።

ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጎበጡ የማይዝግ ብረት ቱቦዎች አሉ። መሃል ላይ ያለው ኮይልና ማግኔት ሳያቋርጥ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ እንቅስቃሴው በዓይን አይታይም። ፈሳሹ ሲቆም መግቢያና መውጫው ላይ ያሉት ሁለት ሴንሰሮች እኩል ይመታሉ። መፍሰስ ሲጀምር የመግቢያው ወገን ወደኋላ ይቀራል፣ የመውጫው ይቀድማል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ በሁለት እጅ አንጠልጥላችሁ እያወዛወዛችሁ ውሃውን ክፈቱት፤ የተንጠለጠለው ጉብጠት ሲጠማዘዝ ታያላችሁ። ሜትሩ የሚለካው ይህንኑ ነው፦ በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር የጊዜ ልዩነት፣ በሚያልፈው ኪሎ ልክ የሚጨምር።

እፍጋቱን፣ ማለትም የአንድ ሊትሩን ክብደት፣ ፋብሪካ ውስጥ ዴንሲቲ የምንለውን፣ የሚያውቀው ከንዝረቱ ፍጥነት ነው። ወፍራም የክራር ጅማት ከቀጭኑ ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የከበደ ፈሳሽ የያዘ ቱቦም ዝግ ብሎ ይርገበገባል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ፣ ቱቦው ላይ የተለጠፈ የሙቀት ሴንሰር ስሌቱን ያርማል።

ፍሰቱ አልጥም ሲላችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉበትና እፍጋቱን አንብቡ። በ20 ዲግሪ 998 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አካባቢ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ቱቦው ውስጥ የተጋገረ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እንደ ወንጂ ሞላሰስ ያለ የሚጣበቅ ፈሳሽ በሚያልፍበት መስመር ይህ ያጋጥማል። ዝቅ ብሎ ከረጋ የቱቦው ግድግዳ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ብሎ ከዘለለ ደግሞ አየር ነው፤ ድራይቭ ጌይኑም፣ ማለትም ቱቦዎቹን ለማንቀጥቀጥ ኮይሉ የሚወስደው ኃይል፣ አብሮ ይወጣል። ያኔ የፓምፑን መሳቢያ መስመርና ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ፈትሹ።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የ90 ዲግሪ ማጠቢያ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ሜትሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጥራል። የመቆጣጠሪያውን ቫልቭ ከሜትሩ በኋላ ማድረግ ይህን ይከላከላል። ለፈሳሽ ሲሆን ደግሞ የቱቦው ሆድ ወደታች ይሁን፣ አየር እንዳይቋጥር።

ሳይቸኩሉ መሠራት ያለበት ዜሮ ማድረጉ ነው፤ ማለትም ፍሰት በሌለበት ሜትሩ ዜሮ እንዲያነብ ማስተካከሉ። ምርቱን ሙቀቱ እስኪረጋ አሳልፉ፣ ፓምፑን አቁሙ፣ መጀመሪያ ከሜትሩ በኋላ ያለውን ቫልቭ፣ ቀጥሎ ከሜትሩ በፊት ያለውን ዝጉ። እፍጋቱ ረግቶ ከቆመ ብቻ ዜሮውን ያዙ። ቫልቩ የሚያሾልክ ከሆነ ሜትሩ ያንን ፍሰት ዜሮ ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ ያንኑ ያህል ኪሎ ይጎድላል፣ ጉዳቱም በትንሽ ፍሰት ላይ ይብሳል። ፍላንጆቹ (ሜትሩንና ቧንቧውን የሚያያይዙት ክብ መጋጠሚያዎች) ሳይገጥሙ በቡለን ተጎትተው የታሰሩበት ሜትርም ዜሮው አይጸናም፤ ቡለኑን ፈትቶ ቧንቧውን ማስተካከል፣ ግራና ቀኙን በድጋፍ ማሰር፣ ከዚያም እንደገና ዜሮ ማድረግ ነው።