ካሜራ ይዤ መንዝ ጓሳ

ደብረ ብርሃን የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው መንገድ የሚወራ ነገር አልነበረውም፤ የሚወራው ሌሊቱ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውኃ አለ ብሎ ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀበለኝ። ውኃው በረዶ ነው፣ ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነው፣ ከሥር ያለው ግሮሰሪ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃውን አልቀነሰም። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ስጠይቅ «ተጨማሪ ይከፈልበታል» ተባልኩ። ከፈልኩ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ አንሶላ እንኳ ተገፎ ነው የሚተኛው። ለብርድ ልብስ ለብቻው መክፈል እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠዋት መናኸሪያ ደግሞ ረዳቱ የትራይፖዴን፣ የባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዬን፣ ቦርሳ አይቶ «ይሄ ዕቃ ነው፣ የራሱ ሒሳብ አለው» አለኝ። 60 ብር። ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ ብለው አልሰማ አለ። የገላገሉኝ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ናቸው፤ «ተው አንተ ልጅ፣ እንግዳ አይደለችም እንዴ? ነውር ነው!» አሉት። ወደ 20 ብር ወረደ። መንገዱን ሙሉ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ እየዘገኑ ሲሰጡኝ፣ ካሜራው ምን ያህል ያወጣል፣ ባል አለሽ ወይ፣ ሐዋሳ ወባ አለ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ሄድን። እኔም ደስ እያለኝ መለስኩላቸው። ጣርማ በር ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ ተገነጠልን፤ ከዚያ በኋላ ኮረኮንች ነው።

ለምን ጓሳ ድረስ እንደመጣሁ ልናገር። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው ከውኃው ማዶ ነው። አየሩ እርጥብ፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ማታ ሐይቅ ዳር የቆመ ሁሉ ያማረ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። እዚያ ውበቱን የሚሠራው ሐይቁ ነው። እኔ ደግሞ ሐይቅ የሌለበት፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ ያለበት አገር ላይ ቆሜ ፎቶ መሥራት መቻል ፈለግሁ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሣር አገር ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል አለው፤ የቀረው ጉብታና ረግረግ ነው። ለትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ነበር፣ ሰማዩ ጠርቷል። የሚያስጎበኘኝ የአካባቢው ጥበቃ አባል፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚስተካከል ሰው፣ ባና ተከናንበው 11 ሰዓት ሌሊት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጓንት የለሽም?» አሉኝ። ነበረኝ፤ ግን በጓንት የካሜራ ቁልፍ መጫን አይቻልም። ከባናው ሥር የሱፍ ጨርቅ አውጥተው ትራይፖዱን የምይዝበት እግር ላይ ጠመጠሙልኝ። ብረት በዚያ ብርድ እጅ ያቃጥላል።

ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመን ፀሐይን ጠበቅን። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጣች። ከቆላው የሚነሳው ጭጋግና አቧራ ግን ምሥራቁን ሁሉ ነጭ አድርጎታል፤ ሸንተረሩ አይለይም፣ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው። ጋሼ ትንሽ አይተውኝ፣ «የሚመጣው ሁሉ ወደ ቆላው ነው የሚዞረው። ሣሩን የምታበራው እኮ ከወዲህ ነው» አሉና በዱላቸው ወደ ሰሜን አሳዩኝ። ዞርኩ። ፀሐይ በቀኝ በኩል ሆነች። አሁን እያንዳንዱ የሣር ቁጥቋጦ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ጥላ ነው፤ ቀድሞ ጠፍጣፋ ይመስል የነበረው ሜዳ እጥፋት እጥፋት እያለው ተነሳ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ቅርጽ እንደሚያወጣ በየትምህርቱ ሰምቻለሁ። ያን ያህል ይለውጣል ብዬ ግን አልገመትኩም።

ሌላም ነገር እዚያው ገባኝ። ከአውሮፓ የሚመጡት ትምህርቶች የጠዋቱን ወርቃማ ብርሃን አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳለ አድርገው ነው የሚናገሩት። ለእነሱ እውነት ነው፤ ፀሐይዋ በአግድመት እያዘገመች ነው የምትወጣው። እኛ ከምድር ወገብ ወደ 10 ዲግሪ ላይ ነን፤ ፀሐያችን ቀጥ ብላ ነው የምትነሳው፣ ከፍታው ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ጥሩው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ጥላው ጠቁሮ ብርሃኑ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ አገር የምንሠራ ሰዎች ቦታውን ማታውኑ መምረጥ አለብን፤ ጨለማ ውስጥ ትራይፖድ ተክለን፣ ፎከስ አስተካክለን መጠበቅ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ምንም አያገኝም። ለሐዋሳ ልጅ ከባድ ነው፤ እኛ ማታ ቡና እየጠጣን ነው ሰማዩ እስኪቀላ የምንጠብቀው።

በማግሥቱ እንደዚያ አደረግሁ። ማታ በመረጥኩት ቦታ አንድ ትልቅ የጓሳ ሣር ቁጥቋጦ አለ፤ ከኋላው ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሟል፣ ከዚያ ወዲያ ጉብታዎች ይደራረባሉ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ነበር። ተንበርክኬ ሳየው የሣሩ እያንዳንዱ ቅጠል ከወገቡ በላይ በነጭ እሾህ ተሸፍኗል፤ እሾሆቹ ሁሉ ነፋሱ ወደመጣበት አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸው። ጅብራው ቅጠሎቹን እንደ ቡጢ ወደ ውስጥ ጨብጦ ነበር፤ ሙቀቱ ሲደርሰው ቀስ እያለ ይከፍታቸዋል። ሰፊውን ሌንስ 24 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 11፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙን) 100 አድርጌ ፎከሱን ሁለት ሜትር ገደማ ላይ በእጄ አስቀመጥኩት። ሙሉ ፍሬም በሚባለው ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ እንዲህ ከተደረገ ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጉብታ ሁሉም ጥርት ይላል። ውርጭ ነጭ ስለሆነ ካሜራው በራሱ ከተተወ ያጨልመዋል፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት የፎቶውን ብርሃን፣ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ሂስቶግራም እያየሁ አስተካከልኩ። ቁልፉን በእጄ አልነካሁም፣ በሁለት ሴኮንድ ታይመር ነው ያነሳሁት። ባትሪዎቹን ብብቴ ውስጥ ነበር የያዝኳቸው፤ በብርድ ቶሎ ይሞታሉ።

ቀን ላይ ፎቶ አይነሳም፤ ተኛሁ፣ ሽሮ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ሲወጣ ጋሼ ሣሩን እየነኩ ታሪኩን ነገሩኝ። ጓሳ ዛሬ የቆመው መንዞች ስለጠበቁት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች ዘሮች አለቃ መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው ጌሳ የሚሆነው ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ያዘው። ይህን ስሰማ ጠዋት ያነሳሁትን አሰብኩ። ከፎቶዬ ፊት ለፊት ያለው ያ ቁጥቋጦ የእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ከብት የጋጠው ሜዳ ላይ ቢሆን ብርሃኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም ነበር።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቀይ ቀበሮም አየሁ፤ በዓለም ላይ ጥቂት መቶዎች ብቻ የቀሩት፣ አይጥ ስታድን። አብሮን የነበረ ሌላ እንግዳ ትልቁን ሌንስ አውጥቶ ፎቶውን በፊቷ ለመሙላት ሲጠጋ አባረራት፤ በጣም ተናደድኩ፣ ነገርኩትም። እኔ በሰፊው ሌንስ ተውኳት፤ ፎቶው ላይ ከጅብራው ግርጌ ያለች ቀይ ነጥብ ናት። ያ ነጥብ ጉብታው ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ይናገራል። አገሩን የሚያነሳ ሰው እንስሳውን በልኩ ቢተወው ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐዋሳም ላይ በሌሊት እየተነሳሁ ታቦር ተራራ ላይ እወጣለሁ፤ ከተማው ከጎን ሲበራ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ጓሳ ለምትሄዱ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የራሳችሁን ብርድ ልብስ ያዙ፣ ትርፍ ባትሪ ያዙ፣ የትራይፖዱን ሒሳብ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።