ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው መቀስቀስ

ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሙያው የውስጥ ደዌ ነው፣ ቦታው ሜሪላንድ ያለ አንድ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

አገር ቤት ስደውል ሁሉም የሚጠይቀኝ "ምን ከበደሽ?" ነው። እንግሊዝኛው ወይም ኮምፒውተሩ ይመስላቸዋል። ኮምፒውተሩ እውነት ከብዶኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ፓራሲታሞል ላዝ ስፈልግ ስፈልግ አጣሁት፤ አሜሪካ መድኃኒት አልቆባት ነው እንዴ ብዬ ነበር፣ ለካ እዚህ አሲታሚኖፈን ነው የሚሉት። እሱ ግን በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አልለመድ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ይሉኝታ።

ላስረዳ። ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ በሬዚደንቱና በስፔሻሊስቱ መሃል ፌሎው የሚባል አለ፤ ሌሊት ግራ ሲገባህ መጀመሪያ የምትደውለው ለእሱ ነው። እኛ ጋ ፌሎው የለም። ይሄ ጥሩ ጎን አለው፤ ትልቅ ቦታ ብሆን ዳር ቆሜ የማየውን ሥራ እዚህ ራሴ እሠራዋለሁ፣ አቴንዲንጎቹም (ኃላፊ ስፔሻሊስቶቹ) በስሜ ያውቁኛል። ሌሊት ግን የልብ ሐኪሙ ቤቱ ተኝቷል። የኩላሊቷም ተኝታለች። የጽኑ ሕሙማኗም እንዲሁ። ከፈለግሻቸው ቀስቅሻቸው ነው ነገሩ።

እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት ወረዳ ላይ ጂፒ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚያ ዱቲ ስገባ የምደውልለት ሰው አልነበረም። ላብራቶሪው ሲዘጋ በእጄና በጆሮዬ መርምሬ ወስኜ፣ ካልቻልኩ ሪፈር ጽፌ አምቡላንስ መለመን ነው። አምቡላንሱ ደግሞ ወይ ነዳጅ የለውም ወይ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ብቻዬን መወሰን ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ አስተዳደጌ አለ፤ አባቴ ጋደም ካሉ እኛ ቤት በር እንኳ አይንኳኳም።

የመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ናይት ፍሎት (የሌሊት ተረኛ) ነበርኩ። በሳንባ ምች የተኛ አንድ ታማሚ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ግፊቱ 84 በ46 ሆነ። ፍሉይድ ሰጠሁት፣ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። ላክቴቱ (ሰውነት በቂ ደም ሳይደርሰው ሲቀር ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር ነው) 4.8 መጣ፣ ከፍተኛ ነው። ለሰውነቱ የሚደርሰው ደም እያነሰ እንደሆነ ገብቶኛል፣ መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሲኒየሬ (በዓመት የሚበልጠኝ ሬዚደንት) ድንገተኛ ክፍል ሌላ ሰው ላይ ተጠምዷል። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ትንሽ ልጠብቅ አልኩ። ላክቴቱን ልድገመው። ሰው ከመቀስቀሴ በፊት ሁሉንም ነገር ላሟላ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰዓቱ ሄደ፣ በመጨረሻ ነርሷ (ሃያ ዓመት እዚያ ፎቅ ላይ የሠራች ሴትዮ ናት) ቁጥሩን ራሷ መትታ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አቴንዲንጓ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። አልተቆጣችም። ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ኖርኢፒኔፍሪን (ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) ጀምሪለት፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን አውርጂው፣ መጣሁ አለች። ከዚያ "ግፊቱ መቼ ነው የወረደው?" አለች።

"ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በፊት።"

ዝም አለች። ያችን ዝምታ እስከዛሬ እሰማታለሁ። ሰውየው በዘጠነኛው ቀን በእግሩ ወጣ፣ እኔን ግን ከስድብ ይልቅ ዝምታዋ ነው ያስተማረኝ።

ይሉኝታ ደግሞ የሐኪም ብቻ አይደለም። የኛ አካባቢ ሐበሻ ብዙ ነው። በየካቲት አንዲት እናት በልብ ድካም ተኝተው ነበር። በአማርኛ እንዳናግራቸው መጀመሪያ የሆስፒታሉን የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ (አልፌያለሁ፣ በከፍተኛ ማዕረግ)። ቻርታቸው ላይ "ታማሚዋ ምንም አይሰማትም" ተብሎ ተጽፏል። ሕመምዎ ከዜሮ እስከ 10 ስንት ነው ሲባሉ በአስተርጓሚው ስልክ የመለሱት "ተመስገን" ነው። አስተርጓሚው ምን ያድርግ፣ ቃል በቃል ተረጎመው።

ገብቼ "እማማ፣ ማታ እንቅልፍ ወሰደዎት?" አልኳቸው።

"የት አባቱ! ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት ልጄ።"

ለልብ ድካም ታማሚ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጋደም ሲሉ ከእግር የሚመለሰውን ደም የደከመው ልብ መግፋት ያቅተዋል፣ ወደ ሳንባ ይተኛል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ታዲያ ደወሉን ለምን አልተጫኑም ስላቸው "ልጆቹ ሲሯሯጡ አያቸዋለሁ፣ ምን ላስቸግር" አሉኝ። ልቆጣቸው ፈለግኩ። በምን አፌ?

የሥራ ሰዓቱን ለሚጠይቁኝ፦ ጣሪያው በሳምንት 80 ሰዓት ነው፣ የአራት ሳምንት አማካይ ተይዞ። ደንቡ በፈረንጆች 2003 የወጣ ነው። አባቴ ይህን ስነግራቸው "የመንግሥት ሥራ እኮ 39 ሰዓት ነው፣ የሁለት ሰው ደመወዝ ይሰጡሻል?" አሉ። አባዬ፣ አይሰጡም።

ሐምሌ ላይ ሲኒየር ሆንኩ፤ ፈረንጆቹ ጁላይ 1 ላይ አዳዲስ ኢንተርን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) ያስገባሉ። እኔ ጋ የደረሰኝ ከኔፓል የመጣ ልጅ ነው፣ አገሩ ውስጥ ተራራ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ብቻውን ሲሠራ የኖረ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ጥላ አየሁ። አያንኳኳም። ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ተነስቼ ከፈትኩለት።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ተኝተሽ ነበር?" አለኝ።

"አዎ። ስንት ቁጥር አልጋ ነው?" ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።