ምስክሩን ያጋለጠችው የሦስት ቀን ጨረቃ

ስጀምር በእጄ የነበረው ጉም ብቻ ነው። ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች መንደር፣ ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ወፍጮ፣ ሁሉን የዋጠ ጉም። ማን እንደሚሞት እንኳ አላውቅም ነበር። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ እንዲህ አይጀመርም። እኔ ግን ጀመርኩት። 14 ወር ፈጀብኝ፣ ሦስት ጊዜም እንደ አዲስ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ቆንጆ ነበር። የገደለውም ቆንጆነቱ ነው። በየምዕራፉ ጉም ይወርዳል፣ ነፋስ ያፏጫል፣ ውሻ ያላዝናል። የወፍጮው ጠባቂ ሞቶ ይገኛል። መርማሪ ከከተማ ይመጣና ይጠይቃል፤ መንደርተኛው ተራ በተራ በረጅሙ ይመልስለታል። ለጓደኛዬ ሰጠሁት። «ሰዎችህ ሁሉ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስላሉ» አለኝ። ከፋኝ። ግን እውነቱን ነው።

ትንሽ መንደር ውስጥ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማን ዕዳ እንዳለበት፣ የማን መብራት እስከ ስንት ሰዓት እንደበራ ይታወቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የማይሰማው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ሙሉ «ማን ያውቃል?» እያልኩ እደክማለሁ። ሁሉም ያውቃል! መጠየቅ የነበረብኝ ለምን ዝም እንዳሉ ነው። አንዷ ዕዳ አለባት። አንዱ ሟቹን አይወደውም ነበር። ሌላው ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም ከገዳዩ ጋር ከአንድ ምንጭ ውኃ ይቀዳል። ይህኛው ዛሬም ያስፈራኛል።

ስለዚህ መርማሪውን አሰናበትኩት። በሁለተኛው ረቂቅ ነገሩን የምትከታተለው ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ የመጣች ነርስ ሆነች። እንግዳ አትባል፣ የመንደሩ ሰው አትባል። ቁስል ስታጥብ ሰው ራሱ ያወራላታል።

ለአስከሬኑም ጠቀመችኝ። በፊት አንድ ሐኪም አምጥቼ «የሞተው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው» አሰኝቼው ነበር። ወይ ድፍረት! አስከሬን ደቂቃ አይቆጥርም። መደንደኑ ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመንጋጋና በአንገት ይጀምራል። መላ ሰውነትን እስኪይዝ 12 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል። ነርሷ ማለት የምትችለው «ከእኩለ ሌሊት በፊትም ሊሆን ይችላል፣ በኋላም» ብቻ ነው። ይህ ክፍተት ለጸሐፊ ወርቅ ነው። ተጠርጣሪዎቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ አክስቴ አነበበችው። ገጠር ያደገች ናት።

«ልጄ፣ ይሄ ምስክር ሰውየውን በምን አየው?» አለችኝ መነጽሯን አውልቃ።

«በጨረቃ ነዋ፣ እትዬ።»

«የሦስት ቀን ጨረቃ ብለሃል። የሦስት ቀን ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ምን ትሠራለች?»

አፈርኩ። አዲስ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ ትታያለች፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይታ እሷም ትጠልቃለች። እኩለ ሌሊት ላይ የለችም። ጉሜም ጉድ ነበረበት። ሸለቆ ውስጥ የሌሊት ጉም የሚፈጠረው ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጋብ ብሎ፣ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እኔ ጉሙንም አውሎ ነፋሱንም በአንድ ሌሊት አዝንቤዋለሁ።

ሁለት ቀን ከጽሑፉ ጋር ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ገላዬን እየታጠብኩ መጣልኝ፦ ለምን አርመዋለሁ? ምስክሩ ይዋሽ! በጨረቃ አየሁት ይበል። አንባቢው ግን ገጽ 30 ላይ ልጆች አመሻሹ ላይ ቀጭኗን ጨረቃ ሲያዩ አንብቧል። ልብ ካለ ይይዘዋል፣ ካላለ ኋላ ተመልሶ ራሱን ይወቅሳል። ምስክሩ ለምን ዋሸ የሚለው ጥያቄ ሦስተኛውን ረቂቅ ጻፈልኝ ማለት ይቻላል።

ነፋሱን አወጣሁት። እርጋታው ሌላ ፍንጭ ሰጠኝ። በቀዝቃዛና ነፋስ በሌለው ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆናል፤ ድምፅ ወደ ታች እየታጠፈ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ከሸለቆው ማዶ ያሉት አሮጊት የወፍጮው በር ሲንቋረር ይሰማሉ። በፊት ለጌጥ የበተንኩት ድባብ አሁን እንጀራውን ሠርቶ ይበላል።

ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ግማሹ ቀልድ ነው። የመጀመሪያው ግን ወንጀለኛው ገና ከመነሻው ይጠቀስ ይላል። የኔ ገዳይ ብቅ ያለው ገጽ 190 ላይ! ወደ ገጽ 6 አመጣሁት፣ አጥር እየጠገነ። ማንም አልጠረጠረውም። ሰዎቹንም ከ23 ወደ 9 ቀነስኳቸው። ስማቸውን እኔው ራሴ እረሳ ነበር።

ሲያልቅ መልሼ ለአክስቴ ሰጠኋት። ሁለት ቀን አነበበች።

«ጥሩ ነው» አለችኝ። «የወፍጮው ውሻስ? ያን ሌሊት የት ነበር?»

ከተቀነሱት ጋር የሰረዝኩት መስሎኝ ፈለግኩት። ገጽ 41 ላይ በሕይወት አለ።