ሂዩስተን፦ አንዱን ፍሪዌይ ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል

ሂዩስተን የሄድኩት ለሰርግ ነው፣ መንገድ ላይ ብዬ አይደለም። ግን ከአምስቱ ቀን አብዛኛውን መኪና ውስጥ ስላሳለፍኩ ከሙሽሮቹ ይልቅ ፍሪዌዮቹን አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፣ አስራ ምናምን ዓመት እዛው ኖሯል፣ መንገዶቹን እንደ ጎረቤት ነው የሚጠራቸው። "ፎርቲ ፋይቭን ዛሬ አሞታል" ይላል አይ-45 የሚባለውን ፍሪዌይ፣ "ፊፍቲ ናይን ትንሽ ይሻላል" ይላል። ፊፍቲ ናይን የሚለው ታፔላው ላይ አይ-69 ተብሎ ነው የተፃፈው፣ ግን እሱ በአዲሱ ስም ሲጠራው አንድ ቀን አልሰማሁም። ከጆርጅ ቡሽ ኤርፖርት ተቀብሎኝ ስንሄድ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ፊደር የሚሉት ነገር ነው፤ ከፍሪዌዩ ግራና ቀኝ አብሮ የሚሄድ ሌላ መንገድ ሲሆን ሱቁም ነዳጅ ማደያውም ምግብ ቤቱም እሱ ላይ ነው የተደረደረው፣ እና አንድ ኤግዚት ካመለጠህ ቀጥለህ ሄደህ ፍሪዌዩ ስር ባለው ማቋረጫ ዞረህ ትመለሳለህ። አመለጠንና ዞርን። እዛ ስር ነው ዘንጉን ያየሁት።

መንገዱ ፍሪዌዩ ስር ለመግባት ዝቅ ይላል፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ጠርዝ ላይ ደሞ እንደ ማስመሪያ ቁጥር የተፃፈበት ዘንግ ተተክሏል፣ ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል፣ በፉት ነው የሚለካው። እኔ የከባድ መኪና ቁመት መለኪያ መስሎኝ "ይሄማ ለአንተ ትራክ አይበቃም" አልኩት። ሳቀ። "የውሃ ነው ባክህ። ምን ያህል እንደሞላ አይተህ ትገባለህ ወይ ትመለሳለህ።" ፀሐይ አናት እየበሳ፣ አስፋልቱ ደርቆ እየነጣ፣ ዘንጉ ግን ቆሞ ይጠብቃል።

ከዛ በኋላ ከተማውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ሂዩስተን ሜዳ ነው፣ እጅህን ዘርግተህ የምታሳየው ጉብታ የለውም፣ ከባህር ወለል በላይ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አፈሩ ሸክላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይመጥም። በ1836 ሲቆረቆር ቡፋሎ ባዩና ኋይት ኦክ ባዩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የተመሠረተው። ባዩ የሚሉት ወንዝ ለማለት የሚያስቸግር፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ድፍርስ ውሃ ነው፣ ደረቅ ቀን ካየኸው ትንቀዋለህ።

የአክስቴ ልጅ በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ጊዜ ያኔ ከሚኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ መኪናውን አጥቷል። የሚቆጨው መኪናው አይደለም፣ ስንፍናው ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ማታውኑ መኪናቸውን ወስደው ኦቨርፓስ ላይና ባለ ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ አቆሙ፣ እሱ ደሞ "ነገ አነሳዋለሁ" ብሎ ተኛ። ጠዋት በመስኮት ሲያይ የመኪናው ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየው፣ አላርሙ ደሞ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጮሃል፣ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ዝም አለ። በአራት ቀን ውስጥ አንዳንድ ሰፈር ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ ነው የጣለው። ፍሪዌዮቹ ራሳቸው ወንዝ ሆነው ሰው በጀልባ ሄዶባቸዋል።

በማግስቱ ኬቲ ፍሪዌይን አሳየኝ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን አይ-10 ማለት ነው። በሰፊው ቦታ ፊደሩ ተቆጥሮ 26 ሌን ነው። ልቆጥር ሞክሬ 17 ላይ ጠፋብኝ። በ2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰፍቶ በ2008 አለቀ፣ ሁሉም ተገላገልን አለ፣ ከዛ በ2011 እና በ2014 መካከል የማታው የመውጫ ሰዓት ጉዞ ከግማሽ በላይ ረዘመ። መንገዱ ሲሰፋ ሰው ራቅ ብሎ ቤት ገዛ፣ ራቅ ብሎ የገዛው ደሞ ተመልሶ እዛው መንገድ ላይ መጣ፣ ያው ነው ነገሩ። እኛም ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ከ26ቱ ሌን አንዱ ላይ ቆመን ነበር፣ ፍሬን ረግጠን። አጠገባችን ያለው ሰውዬ ፂሙን በመላጫ ማሽን እየተላጨ ነበር።

ሀይዌይ 6 ጋ ስንደርስ በሰሜን አዲክስ በደቡብ ባርከር የሚባሉ ሁለት የጎርፍ ማቆሪያዎች አሉ፣ በ1940ዎቹ የተሠሩ። ውሃ አይታይም፣ ሣርና ዛፍ ነው። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው ሐይቅ የሚሆኑት። በሃርቪ ጊዜ ከላይ በኩል ያሉ ሰፈሮች ማቆሪያው ሞልቶ ተጥለቀለቁ፣ ከዛ ውሃው ሲለቀቅ ደሞ ከታች ቡፋሎ ባዩ ዳር ያሉት።

ስንመለስ ያየሁት ነው እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ኋይት ኦክ ባዩ ጋ አይ-10ን እያነሱት ነው። ቃል በቃል ማንሳት! ባዩው በሞላ ቁጥር አይ-10 እዛ ጋ ስለሚሰጥም ከሃይትስ እስከ ፎርቲ ፋይቭ ድረስ ያለውን ዋናውን መንገድ ከጎርፉ በላይ ከፍ ሊያደርጉት ነው፣ ሥራው በ2024 መጨረሻ ተጀመረ። አሮጌው መንገድ ላይ መኪና እየሄደ ጎኑ ላይ ወፋፍራም ምሰሶ ይቆማል፣ ፌሮው ከአናቱ እንደ ፀጉር ቆሟል፣ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ጥላ ፍለጋ ምሰሶው ስር ቁጢጥ ብሎ ውሃ ይጠጣል። ጥሩ፣ ገባኝ፣ ያስኬዳል።

ከዛ አስር ደቂቃ እንኳን ሳንነዳ ከዳውንታውን በስተምሥራቅ ኢዶ የሚባለው ሰፈር ገባን፣ እዛ ደሞ ፍሪዌይ ሊቀብሩ ነው።

ኧረ እንዴት ነው ነገሩ? አልኩት። እንዲህ ነው። ፎርቲ ፋይቭ አሁን ዳውንታውንን በምዕራብና በደቡብ ነው የሚዞረው፣ ደቡብ በኩል ፒርስ ኤሌቬትድ በሚሉት በ1967 በተከፈተ ድልድይ ላይ። ያ ይፈርስና ፎርቲ ፋይቭ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ከፊፍቲ ናይን ጎን ለጎን ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ያልፋል። ጠቅላላው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2020 በወጣው የተፅዕኖ ሰነድ መሠረት ከ1,000 በላይ መኖሪያ፣ 344 ንግድ ቤት፣ 5 የአምልኮ ቦታና 2 ትምህርት ቤት ይነሳሉ። ለዛም ነው በ2021 የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ የስቴቱን የመንገድ መሥሪያ ቤት የከሰሰው፣ የፌዴራሉም መንግሥት የጥቁሮችና የላቲኖ ሰፈር ነው የምትነኩት የሚል ቅሬታ ስለደረሰው እስኪ ቁሙ ያለው። በ2023 በስምምነት ተለቀቀ። ሴንት ኢማኑኤል መንገድ ላይ ተራመድን፤ ገሚሱ ባዶ መሬት ሆኗል፣ አንድ ቦታ ሕንፃው ሄዶ የደረጃው ሦስት እርከን ብቻ ቀርቷል፣ ወደ ምንም የሚያስወጣ።

ሰርጉ ቀን ጠረጴዛችን ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የመንገድ ኢንጂነር ተቀምጠው ነበር፣ እኔ ደሞ ጥያቄው ስለበላኝ ምግቡ ሳይነሳ ጀመርኳቸው። "ጋሼ፣ ጎርፍ የሚበላው ከተማ ውስጥ መንገድ ይቀበራል እንዴ?" 

"ቀድሞም አለ እኮ" አሉኝ። ፊፍቲ ናይን ሞንትሮዝ ጋ በቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ከላይ የሚያምሩ ቅስት ድልድዮች አሉት። በ2001 አሊሰን የተባለው ማዕበል ሲመጣ ያ ቦይ ሞልቶ መኪኖቹን ውጧል። የተቀበረ መንገድ ጫጫታው ይቀንሳል፣ ከላይ ከደፈንከው ፓርክ ይሆናል፣ ለሁለት የተከፈለ ሰፈርም ይገናኛል አሉኝ፤ ችግሩ የፓርኩን ወጪ ስቴቱ አይሸፍንም፣ ከተማው ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። "ውሃውስ?" ስላቸው ሶፍት ወረቀት አንስተው ሣሉልኝ። ሜዳ ላይ ያለ መንገድ ውሃውን ወደ ጎን ያፈሳል፣ ቦይ ውስጥ ያለ ግን መፍሰሻ የለውም፣ በፓምፕ ወደ ላይ ተስቦ ቡፋሎ ባዩ መግባት አለበት። ለዛ ነው ኢዶ ውስጥ መጀመሪያ የተጀመረው ሥራ አስፋልት ሳይሆን የፍሳሽ መስመር የሆነው። እና ደሞ ስሌቱ ተቀይሯል፤ የመቶ ዓመት ዝናብ የሚባለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የመጣል ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነው ማለት ነው፣ በ24 ሰዓት 13 ኢንች አካባቢ ነበር፣ በ2018 ወደ 17 እና 18 ከፍ አለ።

"ባዩው ራሱ ሞልቶ ከሆነስ ፓምፑ የት ነው የሚያፈሰው?"

ጋሼ ሶፍቱን አጠፉትና አፋቸውን ጠረጉበት። "እሱ ነዋ ጥያቄው" አሉኝ። ቀጥለው የፓምፑን መብራት ጉዳይ ሊያስረዱኝ ሲሉ የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሙዚቃው ሳይቆም ወንዶቹ ሁሉ በሱፍና በከረቫት ወደ ፓርኪንግ ሮጡ። ማንም ምንም አልተናገረም፣ የለመደ ሰው ነው። ሙሽራው ራሱ ቁልፍ ይዞ ወጣ፣ ሚዜው ሊቀበለው ሲል "አንተ የአይ-10 መወጣጫ ራምፕ የት እንደሆነ አታውቅም" ብሎ እምቢ አለው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ባዶ ሆነ፣ መኪናው ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ተሰልፏል፣ እነሱ እንደ በሰበሰ ዶሮ ርሰው ተመልሰው ጭፈራውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። ዝናቡ ቀለል ብሏል፣ መንገዱ ግን ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነበር፣ አስፋልት ይሁን ውሃ አይለይም። የመጀመሪያ ቀን ዘንጉን ያየሁበት ማቋረጫ ጋ ስንደርስ መብራቱን ከፍ አደረገው። ውሃው ከ2 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ይታለፋል?" አልኩት።

የአክስቴ ልጅ ዘንጉን ትንሽ አየው፣ ከዛ ምንም ሳይለኝ ሪቨርስ አስገባ።