ሳር የመሰለው መዳብ

ጎማዬ የተነፈሰው ቺቲና ከምትባል ትንሽ ከተማ ከወጣሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። ወርጄ ሳይ የዛገ የሐዲድ ሚስማር ተሰክቶበታል። እንዴት ልናደድ? አላስካ ድረስ የመጣሁት እኮ በዚህ ሐዲድ ይሄድ የነበረው ባቡር ይጭነው የነበረው መዳብ ከየት እንደወጣ ለማየት ነው። ወደ ማካርቲ የሚወስደው 97 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠር መንገድ የተሠራው በድሮው ሐዲድ ላይ ነው። ባቡሩ በ1938 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ሚስማሮቹ ግን ዛሬም ከጠጠሩ ብቅ ይላሉ። ስኮርታውን ቀየርኩና ሁለተኛ እንዳይደግመኝ እየጸለይኩ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

መንገዱ ወንዙ ጋ ያልቃል። በእግረኛ ድልድይ ተሻግሬ በሚኒባስ ወደ ድሮው የመዳብ ማውጫ ሰፈር፣ ወደ ኬኔኮት ወጣሁ። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ባለ 14 ፎቁ ቀይ የእንጨት ሕንፃ ነው። ማዕድኑ ከላይ ገብቶ እየተፈጨና እየተለየ ወደ ታች ይወርድበት ነበር። ከፊት ለፊቱ ግራጫ የድንጋይ ክምር ሸለቆውን ሞልቶታል። የቁፋሮው ትራፊ መስሎኝ «ወይ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ ቆፍረው!» አልኩ። ለካ የበረዶ ግግር ነው፤ ከተራራው የወረደ ድንጋይ ለብሶ ነው እንዲያ የመሰለው። በነገራችን ላይ የግግሩ ስም ኬኒኮት ነው። መዳቡን ያወጣ የነበረው ኩባንያ ስም ሲጻፍ አንዲት ፊደል ተሳስታ ኬኔኮት ሆኖ ቀረ።

እኔ ግን የመጣሁት ለሕንፃው አይደለም። አንድ መስመር ለማየት ነው። በማግስቱ ቦናንዛ ወደሚባለው የድሮ የመዳብ ጉድጓድ ወጣሁ። 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ1,100 ሜትር ያልፋል። ጉልበቴ አለቀሰ። ዛፉ ሲያልቅ መስመሩ ታየኝ፦ ከታች ጠቆር ያለ አረንጓዴ ድንጋይ፣ ከላይ ወደ ነጭ የሚያደላ ግራጫ ገደል።

የታችኛው ኒኮላይ የሚባለው ነው፤ ዕድሜው ከ220 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ድንጋይ። በላዩ ላይ ሞቃት ባሕር ቺቲስቶን የተባለውን የኖራ ድንጋይ አነጠፈበት። ያኔ ይህ ምድር እዚህ አልነበረም። ኋላ ነው ተንቀሳቅሶ ከሰሜን አሜሪካ ጋር የተጋጨው። ባዛልቱ ውስጥ መዳብ አለ፤ ግን ጥቂትና የተበታተነ ነው። ሞቃት ጨዋማ ውሃ በባዛልቱ ሲያልፍ መዳቡን አጥቦ ወሰደ። በስንጥቆች ሽቅብ ወጥቶ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ጠባዩ ተለወጠና የያዘውን እዚያው ጣለ። ስለዚህ ሀብቱ የተከማቸው ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በኖራ ድንጋዩ ግርጌ ነው። መዳብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ካርታ ከየት ይመጣል?

በ1900 ክላረንስ ዋርነርና ጃክ ስሚዝ የተባሉ ማዕድን ፈላጊዎች በዚህ አለፉ። እንደሚተረከው፣ ከሩቅ አረንጓዴ ነገር አይተው ለፈረሶቻችን ሳር አገኘን አሉ። ማላካይት ነበር፤ የመዳብ ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው የሚለብሰው አረንጓዴ። ተረትም ቢሆን፣ እዚያ ቆሜ ሳየው እኔም የምሳሳት ይመስለኛል። «አገኙት» የሚለው ቃል ግን አይመቸኝም። የአካባቢው ነባር የሆነው የአህትና ሕዝብ ከእነሱ ብዙ ዘመን በፊት በአካባቢው መዳብ ቢላና የቀስት ጫፍ ይሠራ ነበር።

ዋናው ማዕድን ቻልኮሳይት ነው። ጥቁር ግራጫ ነው፤ መልኩ አይማርክም። ንጹሑ ግን 80 በመቶ ገደማ መዳብ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የወጣው ሁሉ ተደምሮ እንኳ በአማካይ ወደ 13 በመቶ መዳብ ነበረው። ዛሬ 1 በመቶ የማይሞላ መዳብ ላለው ድንጋይ ተራራ ይናዳል።

ማውጣቱ ነበር ፈተናው። ስቲቨን በርች የተባለ ወጣት መሐንዲስ የአሜሪካ ባለጸጎች የሆኑትን የጉገንሃይምንና የሞርጋንን ገንዘብ አመጣ፤ እስከ ኮርዶቫ ወደብ 315 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቶ በ1911 አለቀ። ምርጡ ማዕድን ሲሟጠጥ ሁሉም ጥሎ ሄደ።

ስወርድ ከመንገዱ ዳር አረንጓዴና ሰማያዊ የለበሰች ድንጋይ አነሳሁ። ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች። አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው፤ ፎቶ አንስቼ መለስኳት። ሚስማሩን ግን በመልሴ ጎማ ጠጋኙ ነቅሎ «ይሄ የአንተ ነው» ብሎ ሰጠኝ።