ከየካቲት 17 እስከ የካቲት 23

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓድዋ ድል በዓል አደረሳችሁ!

መልእክቴ የዘገየው ሽንኩርት ስንልጥ ስላመሸን ነው። የምን ሽንኩርት እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ዓድዋ ሲነሳ የምንጠራቸው ስሞች ያው ናቸው። ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ አሉላ፣ ባልቻ፣ ገበየሁ። እኔ ዛሬ ፊታውራሪ ዳምጠውን ላንሳላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከወደቁት አንዱ ናቸው። እኚህን ሰው አላውቃቸውም እንዳትሉ። የአዲስ አበባ ሰው ስማቸውን ሳይጠራ የሚውልበት ቀን የለም፤ ብቻ በልጃቸውና በልጃቸው ስም በተሰየመው ሆስፒታል በኩል ነው። ያውም ታክሲ ውስጥ። «ራስ ደስታ ወራጅ አለ!»

ራስ ደስታ ዳምጠው አባታቸው ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። አድገው የኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኜወርቅን አገቡ፣ በ1925 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አሜሪካ ድረስ ሄደው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ጣሊያን ዳግም ሲመጣ የደቡቡን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። ከፊታቸው የቆመው ደግሞ ግራዚያኒ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928። ከራስ ደስታ ጦር ጋር አንድ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ነበረ፤ መልካ ዲዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ቁስለኛ ያክማል። የቀይ መስቀሉ ምልክት ከሰማይ ይታያል። የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ያንኑ ድንኳን ደበደቡት። ተኝተው የነበሩ ቁስለኞች አለቁ፤ አንድ ስዊድናዊ የሕክምና ባልደረባም ሞተ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ራሱ ያኔ ከተቋቋመ ገና መንፈቅ ቢሆነው ነው።

ጥር ላይ የገናሌው ውጊያ መጣ። አሸነፉ ብዬ አላሞኛችሁም፤ ተሸንፈዋል። በታንክና በአውሮፕላን ነው የተመቱት። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ አበባ ተያዘች፣ ንጉሡ ተሰደዱ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ራስ ደስታ ግን አሁንም ሲዳሞ ጫካ ውስጥ ናቸው። ዓመት ከአንድ ወር! በየካቲት 1929 ጎጌቲ ላይ ያላቸው ሠራዊት አለቀ። ደጃዝማች ገብረማርያም እዚያው ወደቁ (አዎ፣ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቱ ገብረማርያም እሳቸው ናቸው)። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታ አምልጠው ቡታጅራ አካባቢ ተያዙና የካቲት 17 ተረሸኑ። አዲስ አበባ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ከየካቲት 12 አምስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

የአባትየው ቀን የካቲት 23፣ የልጅየው የካቲት 17። በመሐሉ 41 ዓመት አለ። በካላንደር ላይ ግን ስድስት ቀን ነው።

ሽንኩርቱም ለዚህ ነው። ትንሿ የበጎ አድራጎት ማኅበራችን በየዓመቱ የካቲት 17 የራስ ደስታን ዝክር ታወጣለች። ንግግር አናበዛም። ከገጠር ታማሚ ይዘው መጥተው በየሆስፒታሉ ደጅ ለሚያድሩ አስታማሚዎች ምሳ እናበላለን፣ የተዋጣውን ገንዘብ ለመድኃኒትና ለመሳፈሪያ እናከፋፍላለን። ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ዘንድሮ ረመዳንም ገጥሞ ለሙስሊሞቹ ማፍጠሪያ ቴምርና ሳምቡሳ ቋጥረናል። መስቀል ያለበት ድንኳን ውስጥ በቦምብ ላለቁት ቁስለኞች ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ለእኔ አይታየኝም። ሐውልት ቢሠራ እሰየው ነው፤ ሐውልት ግን ሽሮ አያበላም።

አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እግሩ ተሰብሮ ነው የመጡት። እጃቸውን ታጥበው እስኪያበቁ ጠበቅኩና፣ «እማማ፣ ራስ ደስታ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሆስፒታሉን ያሠሩት ሰውዬ ናቸዋ!»

ጓደኛዬ ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ከዚያ የመልካ ዲዳውን ነገርኳቸው። የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«የተኛ ሕመምተኛ ላይ?»

«አዎ እማማ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ወልደው ነበር?» አሉኝ።

እኔ ስለ ጦርነቱ ስንት ገጽ ሳነብ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ወልደዋል፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ አልኳቸው። አንዱ የባሕር ኃይል አድሚራል ሆነ አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ «ተመስገን፣ ዘር ተረፈ» ብለው ጉርሻቸውን አነሱ። እኔም እዚያው ላይ አቆምኩ። አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ከገደላቸው ስድሳ ባለሥልጣናት ጋር መረሸናቸውን አልነገርኳቸውም። አያት ዓድዋ ላይ፣ አባት ቡታጅራ ላይ የወደቁት በጣሊያን እጅ ነው። የልጅ ልጁ በእኛው። ምሳ ላይ እንዴት ይነገራል?

አሁን ደግሞ የሚያስቅ ልንገራችሁ። አምና ያሳተምነው ባነር ሲመጣ፣ ጽሑፉ «ራስ ደስታ ዳኘው» ይላል! ማተሚያ ቤቱ «ዳምጠው»ን «ዳኘው» አድርጎታል። ለመቀየር ጊዜ የለም፣ እንግዳ እየገባ ነው፣ እኔ ልፈነዳ ደርሻለሁ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «ተዉት ልጄ። አባ ዳኘውም ይምጡ፤ ለዓድዋ ስድስት ቀን ነው የቀረው» አሉ። አባ ዳኘው የምኒልክ የፈረስ ስም ነዋ!

እስካሁን አልቀየርነውም። ዘንድሮም የተሰቀለው ያው ባነር ነው። ወጪ መቆጠባችን ነው እያልን ነው የምናሳብበው።

ውጭ ያላችሁም፣ እዚህ ያላችሁም፣ በጤና ዋሉ። የሚመጣው ዓመት የካቲት 17 ሰፈር ካላችሁ ብቅ በሉ። ቢላ ይዛችሁ ኑ፣ ሽንኩርቱ ብዙ ነው።