የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ አላስገባ ሲል

ፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የመምህራንን ኮምፒውተሮች የምንከባከበው እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር፣ የተማሪዎች ውጤት ተጠቃሎ በሚገባበት ሳምንት፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም) የተጫነበት የጋራ ኮምፒውተራችን ሃርድ ዲስኩ መዳከም በመጀመሩ በአዲስ ተካሁት፤ ሲስተሙን እንደገና ጭኜ የመምህራኑን አካውንቶች ፈጠርሁ፤ የእያንዳንዳቸውንም ሆም ፎልደር፣ ማለትም የግል ፋይሎቻቸው የሚቀመጡበትን፣ ካስቀመጥሁት ቅጂ መለስሁ። በራሴ አካውንት ገብቼ ሁሉም ደኅና መሆኑን ስላየሁ ሥራው አልቋል ብዬ አስረከብሁ።

በማግሥቱ አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር አስጠሩኝ። የይለፍ ቃላቸውን ሲያስገቡ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና እዚያው መግቢያው ላይ ይመልሳቸዋል። «ልጄ፣ የይለፍ ቃሌን እኮ አልረሳሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ቃሉ ቢሳሳት ኖሮ ኮምፒውተሩ ስሕተት መሆኑን በጽሑፍ ይነግራቸው ነበር። እኔ ይህን ሳላስተውል ሁለት ጊዜ ቀየርሁላቸው፤ ውጤት እየጠበቁ ያባከንሁባቸው ሰዓት ዛሬም ይቆጨኛል።

በመጨረሻ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጭኜ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ ወደሚሰጥበት የጽሑፍ ተርሚናል ገባሁ። እዚያ የይለፍ ቃሉን ተቀበለ፤ ወዲያው ግን ሆም ፎልደሩን መክፈት መከልከሉን የሚገልጽ መስመር ወጣ። በራሴ አካውንት ሆኜ የፎልደሮቹን ባለቤቶች ስዘረዝር፣ በመምህሩ ስም የተሰየመው ፎልደር ባለቤቱ የእንግሊዝኛ መምህርቷ፣ የእርሷ ደግሞ ባለቤቱ እርሳቸው ሆነው አገኘኋቸው።

ሊኑክስ የፋይልን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ኡቡንቱ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000፣ ለተከታዮቹ 1001፣ 1002 እያለ ይሰጣል። በአሮጌው ዲስክ 1001 የመምህሩ ነበር፤ በአዲሱ ላይ መምህርቷን አስቀድሜ በመፍጠሬ ቁጥሩ ለእርሷ ደረሰ፤ ቅጂው ግን የቀድሞውን ቁጥር እንደያዘ ተመለሰ። የእኔ 1000 ስላልተነካ ችግሩ ለእኔ አልታየኝም።

አንድ ባልደረባዬ ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠውን 777 እንድጠቀም መከረኝ፤ እንዲህ ቢደረግ የአንዱን መምህር የፈተና ጥያቄ ሌላው ሁሉ ሊያነበውና ሊሰርዘው ስለሚችል አልተቀበልሁትም። ቻውን (chown) በሚባለው፣ የፋይልን ባለቤት በሚቀይረው ትእዛዝ እያንዳንዱን ፎልደር ከነውስጡ ለትክክለኛ ባለቤቱ መለስሁና የፎልደሮቹን ፈቃድ 750 አደረግሁ፤ ይህም ለባለቤቱ ሙሉ ፈቃድ፣ ለቡድኑ ማንበብና መግባት ብቻ ሲሰጥ ሌላውን ሁሉ ይከለክላል። «ጋሼ፣ አሁን ይሞክሩት» ስላቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ዲስክ ከመቀየሬ በፊት የተጠቃሚዎቹን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ፤ አካውንቶቹንም በዚያው ቁጥር እፈጥራለሁ፤ ሳስረክብም ኮምፒውተሩን የሚሞክሩት መምህራኑ ራሳቸው፣ አንድ በአንድ እየገቡ ነው።